የቤንዚን ላንድክሩዘራችሁን ወደ ናፍጣ ልታስቀይሩ ነው? መጀመሪያ ኪሎ ሜትራችሁን ቁጠሩ

አሮጌ የቤንዚን ላንድክሩዘር፣ ፓትሮል ወይም ፓጄሮ የያዘ ሰው ይህችን ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ይሄን ሞተር አውርድና ናፍጣ አስገባበት፣ ትገላገላለህ።» ምክሩ ከጎረቤት ይመጣል፣ ከሹፌር ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከጋራዥ ይመጣል። ጋራዡ እንጀራው ነውና ቢመክር አይፈረድበትም።

የራሴን አቋም ከወዲሁ ልናገርና ምክንያቱን ላስከትል። መኪናውን ለቤትና ለቢሮ፣ አልፎ አልፎም ለክፍለ ሀገር ለሚነዳ ሰው ቅየራው አያዋጣም። በዓመት ሠላሳና አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ፣ በተለይ የቤንዚን ሞተሩ ያለቀለት ከሆነ፣ ሊያዋጣ ይችላል። ሁለቱን የሚለያያቸው የሞተሩ ዓይነት ሳይሆን የሚነዱት ኪሎ ሜትር ነው።

ጥያቄው አሁን የበረታው በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለውን አሮጌ ፎር ዊል ሸጣችሁ የተሻለ መግዛት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ተነሳ። ታንኩን ሞልቶ መውጣት ለብዙ ቤተሰብ የሚያስጨንቅ ወጪ ሆነ።

እኛ ጋ ካሉት የቤንዚን ፎር ዊሎች ብዙዎቹ መነሻቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው። እዚያ ቤንዚን ርካሽ ነው። ትልቅ ሞተር ነዳጅ ቢጠጣ ማንም ግድ አልነበረውም። መኪናው እኛ ጋ ሲደርስ ነው ጠጪነቱ የታወቀበት።

ሁለቱ ሞተሮች የሚለያዩበት

የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ደባልቆ ያስገባል፣ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ካንዴላ ብልጭታ ሰጥቶ ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ንጹሕ አየር ብቻ ያስገባና በኃይለኛው ይጨምቀዋል። ጎማ በእጅ ፓምፕ ስትነፉ ፓምፑ እንደሚግለው ሁሉ የተጨመቀው አየርም በጣም ይግላል። ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይነዳል።

ጭመቃው ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ሁለት የቶዮታ ሞተሮችን እንውሰድ። የቤንዚኑ 1ኤፍዜድ፣ ማለትም ባለ 4.5 ሊትሩ፣ አየሩን ወደ ዘጠኝ እጅ ይጨምቃል። የናፍጣው 1ኤችዜድ፣ ባለ 4.2 ሊትሩ፣ ከሃያ ሁለት እጅ በላይ ይጨምቃል። ናፍጣ ቆጣቢ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ናፍጣ ሞተር አየሩን የሚያንቅ ክዳን ስለሌለው በቀስታ ስትነዱ ኃይል አያባክንም። ሦስተኛው፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን በአሥር በመቶና ከዚያ በላይ የበለጠ ጉልበት በውስጡ ይዟል።

ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። «ወደ ናፍጣ መቀየር» ሲባል ያንኑ ሞተር በትንሽ ማስተካከያ ናፍጣ ማስጠጣት የሚመስለው ሰው አለ። አይሆንም። ያን ጭመቃ የሚችል ሌላ ብረት፣ ሌላ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን)፣ ሌላ ቡሎን ያስፈልጋል። ትልልቆቹ እንኳ ሞክረው ተቸግረውበታል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1978 ኦልድስሞቢል በተባለው መኪናው ላይ የገጠመው 5.7 ሊትር ናፍጣ መነሻው የቤንዚን ሞተር ንድፍ ነበር። ብሎኩን ቢያወፍሩትም የቴስታታው ቡሎኖች ጭመቃውን አልቻሉም። ውሃ የሚለይ ማጣሪያም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1985 ምርቱ ቆመ። አሜሪካ ውስጥ የናፍጣ አውቶሞቢል ስም ለረጅም ጊዜ የጠፋው በአብዛኛው በዚህ ሞተር ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቅየራ ማለት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ሌላ ማስገባት ነው።

«ናፍጣ ጉልበተኛ ነው» የሚባለው

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ኢንጀክተር ያለው 1ኤፍዜድ ከ210 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው። 1ኤችዜድ ወደ 130 ገደማ ነው። የመጎተት አቅማቸውንም ብናይ ቤንዚኑ 370 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲሰጥ ናፍጣው 285 አካባቢ ይሰጣል። በቁጥር ከሄድን ቤንዚኑ በሁሉም ይበልጣል።

ታዲያ ሰው ለምን ናፍጣው ጠንካራ ይመስለዋል? ናፍጣው ያለውን አቅም ቶሎ፣ በዝቅተኛ ዙር ላይ ስለሚሰጥ ነው። ጭቃ ውስጥ፣ ድንጋያማ ዳገት ላይ፣ ጭኖ ሲነሳ ሞተሩ ሳያጓራ ይስባል። አስፋልት ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የዓባይን በረሃ ወርዳችሁ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጡ፣ ከፊታችሁ ያለውን ከባድ መኪና ቀድማችሁ ለማለፍ ስትሞክሩ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። በቤንዚኑ የለመዳችሁት ማለፍ በናፍጣው አይገኝም። ትዕግሥት መማር አለባችሁ።

ከፍታም የራሱን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ ከአቅሙ ወደ ሩብ የሚጠጋ ያጣል። 130 የነበረው የፈረስ ጉልበት መቶ አካባቢ ይቀራል ማለት ነው። ናፍጣው ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ፖምፓ ለቆላ ከተስተካከለ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን አይቀንስም። የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ብራችሁ በጭስ ማውጫው ሲሄድ ታዩታላችሁ። አንዳንድ የ1ኤችዜድ ፖምፓዎች በከፍታ ነዳጅ የሚቀንስ መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል። የሌለው ከሆነ ፖምፓ በሚያስተካክል ባለሙያ መታየት አለበት።

«ቱርቦ እናስገባበትና ይስተካከላል» የሚሉም አሉ። በከፍታ ላይ ቱርቦ በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን 1ኤችዜድ ለቱርቦ ተብሎ የተሠራ ሞተር አይደለም። በመጠኑ ከሆነ ይሸከመዋል። ነዳጁ ተለቅቆበት ከጨከኑበት ግን ሙቀቱ ቴስታታና ፒስተን ይሰነጥቃል። ቱርቦ የምትፈልጉ ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ቱርቦ ያደረገበትን ሞተር ፈልጉ። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ፕራዶና ሰርፍ ላይ የምናውቀው 3.0 ሊትሩ 1ኬዜድ ከሞቀ ቴስታታ በመሰንጠቅ ስሙ የታወቀ ነው።

ስሌቱ

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በፊት ናፍጣ ከቤንዚን በደንብ ይረክስ ነበር። ያኔ ናፍጣ መያዝ ሁለት ጥቅም ነበረው፤ ነዳጁም ርካሽ ነው፣ መኪናውም ትንሽ ይጠጣል። አሁን የመጀመሪያው ጥቅም ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በ2014 ማብቂያ በተደረገው ማስተካከያ እንዲያውም ነጭ ናፍጣ በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሆኖ ከቤንዚን በልጦ ነበር፤ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ነበር። በመስከረም 2017 መጨረሻ ቤንዚን 91 ብር ከ14፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሆነ። ልዩነቱ ከአንድ ብር በታች ነበር። ከዚያ ወዲህም ዋጋው ጨምሯል። እናንተ የዛሬውን አስገቡበት፤ አካሄዱ አይለወጥም።

የቤንዚኑ መኪና ከተማና ገጠር ተደባልቆ በሊትር 5.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ናፍጣ ሲገባበት 8 ኪሎ ሜትር ይሂድ። ለምሳሌ የያዝኳቸው ቁጥሮች ናቸው፣ ለእንደዚህ ዓይነት ከባድ መኪና ግን ከእውነታው አይርቁም። በመስከረሙ ዋጋ አንድ ኪሎ ሜትር በቤንዚን 16 ብር ከ57 ሳንቲም ይፈጃል። በናፍጣ 11 ብር ከ28 ይፈጃል። በየኪሎ ሜትሩ 5 ብር ከ29 ሳንቲም ተረፈ።

የቅየራው ጠቅላላ ወጪ 600 ሺህ ብር ነው እንበል። ይህም ድፍን ቁጥር ነው፤ እናንተ ጋራዡ የነገራችሁን አስገቡ፣ እሱ ያልነገራችሁንም ጨምሩበት። 600 ሺውን ለ5.29 ስታካፍሉት 113 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ያወጣችሁትን ለመመለስ ይህን ያህል መንዳት አለባችሁ ማለት ነው። በዓመት አሥር ሺህ ለሚነዳ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ነው። በዓመት አርባ ሺህ ለሚነዳ ደግሞ ሦስት ዓመት አይሞላም። ያው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ያው ጋራዥ ነው።

በነገራችን ላይ የ1ኤችዜድ የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን የውስጥ እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ) በየመቶ ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ያወጣችሁት ገንዘብ ሳይመለስ ቺንጋው ጊዜው ደረሰ ማለት ነው። ቺንጋ ካለፈበትና ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ የድሮው ቺንጋ ስንት እንደሠራ ስለማታውቁ ከመግጠማችሁ በፊት አዲስ አድርጉበት። ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ሥራው ቀላል ነው።

ስሌቱን የሚገለብጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተሩ ሞቶ ከሆነ፣ ዘይት እየጠጣ፣ ጭመቃው ወርዶ፣ ሙሉ እድሳት የሚጠብቀው ከሆነ፣ ያንን ገንዘብ በማንኛውም መንገድ ታወጣላችሁ። እድሳቱ 250 ሺህ የሚፈጅ ቢሆን የቅየራው እውነተኛ ወጪ 600 ሺህ ሳይሆን 350 ሺህ ነው። ያ ወደ 66 ሺህ ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በዓመት አርባ ሺህ ለሚነዳው ሁለት ዓመት እንኳ አይፈጅበትም። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር አውርዶ ናፍጣ ማስገባትና የሞተ ሞተር መተካት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ ሰው ግን አንድ ላይ ያወራቸዋል።

የነዳጅ አቅርቦቱንም አስቡ። ማደያ ላይ እጥረት ሲመጣ ቤንዚንም ናፍጣም ይጠፋል። ናፍጣ ሲጠፋ የምትሰለፉት ከሲኖትራክና ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጋር ነው። ወረፋውን ገምቱት።

ሞተሩ ብቻ አይደለም

የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የሞተር ዋጋ ስትጠይቁ የምትሰሙት ቁጥር የሥራው መጀመሪያ ነው። ሞተሩ ከመኪናው ጋር የሚገናኝባቸው ነገሮች ናቸው ቀስ እያሉ ኪስ የሚያራቁቱት።

ከሁሉ በፊት ፍሬኑን ላንሳ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነው። ፍሬን ስትረግጡ እግራችሁን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በሞተሩ የመምጠጥ ኃይል ነው። የቤንዚን ሞተር አየሩን ስለሚያንቅ ያ መምጠጥ በነጻ ይገኛል። ናፍጣው አያንቅም፣ ስለዚህ አይመጥም። የራሱ የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። አንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለው ሞተር በሌላ ዲናሞ ከተሸጠላችሁ ወይም ፓምፑ ከሞተ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ሁለት ቶን የሚያልፍ መኪና በደረቅ ፔዳል ይዞ እንጦጦን መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለሹፌር አይነገረውም። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህን ይሁን።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ አለ። ከናፍጣ ላንድክሩዘሮች ውስጥ በሃያ አራት ቮልት የሚነሱ አሉ። የእናንተ የቤንዚን መኪና ግን መብራቱም ሬዲዮኑም በአሥራ ሁለት ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሃያ አራት ከሆነ ወይ መቀየር አለበት ወይ ሁለት ባትሪና የተወሳሰበ መስመር ይከተላል። ስለዚህ ሞተሩን ሳትገዙ ሞተሪኖው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ጠዋት በብርድ ለማስነሳት የሚያሞቁት ካንዴላዎችም (ብልጭታ አይሰጡም፣ ያሞቃሉ እንጂ) የራሳቸው ሪሌና መስመር አላቸው። አዲስ አበባ ላይ ያለ እነሱ ትንገታገታላችሁ። ደብረ ብርሃን ካደራችሁማ መኪናውን መግፋት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዙር መለኪያም የቤንዚኑን ብልጭታ እየቆጠረ ነበር የሚሠራው፤ ናፍጣ ላይ ዝም ይላል።

ካምቢዮው ሌላ ጉዳይ ነው። ማንዋል ከሆነ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ካምፓና፣ ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ ከናፍጣው ጋር የሚሄዱ መሆን አለባቸው። ጥሩው ነገር ሞተሩን ከነካምቢዮው መግዛት ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ግን ቆም በሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጡ ብዙ አውቶማቲኮች ማርሽ መቼ እንደሚቀይሩ የሚነግራቸው የቤንዚን ሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። ሞተሩ ሲወጣ ኮምፒዩተሩም ሥራ ያቆማል። ካምቢዮውም ግራ ይጋባል። አውቶማቲክ ያላችሁ ሰዎች ወይ ወደ ማንዋል ትዞራላችሁ ወይ ሐሳቡን ትተዋላችሁ። እኔ የምመክረው መተውን ነው።

ከዚያ ጥቃቅኑ ይመጣል። የነዳጅ ታንኩ ታጥቦ ውስጡ ያለው የቤንዚን ፓምፕ ይወጣል። ናፍጣ ከፖምፓው የተረፈውን ወደ ታንክ የሚመልስ መስመር ይፈልጋል። ውሃ የሚለይ ማጣሪያ ይገጠማል፤ በኛ አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። የናፍጣ ፖምፓን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፖምፓውን እያደረቀ ይበላዋል። የፖምፓ ጥገና ደግሞ ርካሽ ሆኖ አያውቅም። ራዲያተር፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ፣ የኤሲ መጭመቂያው መያዣ፣ የመሪ ፓምፑ ቱቦዎች፣ የነዳጅ ፔዳሉ ሽቦ ሁሉም አንድ በአንድ ይመጣሉ። ናፍጣው ከብዶ የፊቱ ሞላ ከተጫነም መኪናው አፍንጫውን ይደፋል።

ይህን ሁሉ የሚያቀልለው አንድ መርህ ነው። ፋብሪካው በዚያው ሻንሲ ላይ ራሱ የገጠመውን ናፍጣ ምረጡ። ባለ 80ው ላንድክሩዘር በቤንዚን 1ኤፍዜድም በናፍጣ 1ኤችዜድም ከፋብሪካ ወጥቷል። የድሮው ፓትሮል በቤንዚን ቲቢ42ም በናፍጣ ቲዲ42ም ወጥቷል፤ ቲዲ42 እንዲያውም ታይሚንጉ በጥርስ እንጂ በቺንጋ ስላልሆነ አንድ ጭንቀት ይቀንሳል። ሃይሉክስ በ22አር ቤንዚንም በ2ኤልና በ3ኤል ናፍጣም አለ። እንዲህ ሲሆን የሞተሩ መቀመጫም፣ ራዲያተሩም፣ ቱቦውም በዚያው መኪና የናፍጣ አቻ ላይ አለ። የሚገዛ ዕቃ ነው እንጂ የሚፈጠር አይደለም። ሻንሲው ላይ ብየዳና ቆርጦ ማጣበቅ የሚጠይቅ ሞተር ከቀረበላችሁ፣ ርካሽ ቢሆንም፣ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

በኮምፒዩተር የሚሠራ አዲስ ናፍጣ ለማስገባት የሚያስቡም አሉ። ቆጣቢም ጉልበተኛም ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከነኮምፒዩተሩ፣ ከነሙሉ ሽቦው፣ ከነቁልፉ ካልመጣ አይነሳም። የነዳጅ ጥራትም ላይ ጨካኝ ነው። የድሮው 1ኤችዜድ የሚታገሠውን ቆሻሻ እሱ አይታገሠውም። ባለ 1ኤችዜዱን ሃርድቶፕ በየገጠሩ የምታዩት ቆንጆ ስለሆነ አይደለም። የሚጠግነው ሰውም ዕቃውም በየከተማው ስላለ ነው።

ያገለገለውን ሞተር ስትመርጡ

ከዱባይና ከሻርጃ የመጣ፣ ዘይቱ ተጠርጎ የሚያብረቀርቅ ሞተር አትመኑ። ሲነሳ ካላያችሁት ምንም አላያችሁም። ተነስቶ ቀዝቃዛ እያለ አዳምጡት። የዘይት መሙያ ክዳኑን ክፈቱና ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚወጣ እዩ፤ እየገፋ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ቀለበቶቹ አልቀዋል። የስድስቱን ሲሊንደር ጭመቃ በመሣሪያ አስለኩ፤ ዋናው ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ አትግዙ። ራዲያተር ውሃው ላይ ዘይት ካለም እንደዚያው። ከነፖምፓው፣ ከነዲናሞው፣ ከነሞተሪኖው፣ ከነሽቦው ይሁን። ከፊቱ ተቆርጦ የመጣ ግማሽ መኪና ከተገኘ፣ ቢወደድም፣ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚረክሰው እሱ ነው፤ የጎደለውን ፍለጋ ስለማትንከራተቱ።

ሊብሬው

ሞተሩ በጣም ጥሩ ሆኖ ወረቀት ከሌለው መኪናችሁን አበላሽታችኋል። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ የነዳጅ ዓይነት አለ፣ የሞተሩ መጠንም አለ። ቅየራው ሦስቱንም ይለውጣል። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ቁጥሩ ካልገጠመ ችግር ነው። ስትሸጡ ችግር ነው። አደጋ ቢደርስና ኢንሹራንስ ብትጠይቁ ደግሞ ለክርክር በር ትከፍታላችሁ።

ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ሻጩ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ ቀረጥ ተከፍሎበት መግባቱን የሚያሳይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ የተቀረጸው አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወረቀቱ የለውም ብላችሁ ያዙት። ሁለተኛ፣ ሰሌዳችሁን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ የሞተርና የነዳጅ ለውጥ ለማስመዝገብ ምን እንደሚጠይቅ ቀድማችሁ ጠይቁ። መኪናው ተፈትቶ ጋራዥ ከተኛ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ሳይቀየር በፊት

በዓመት አሥርና አሥራ አምስት ሺህ ለምትነዱት የምለው ይህ ነው። ያ 600 ሺህ ብር ብዙ ቤንዚን ይገዛል። ከዚያ በፊት ግን መኪናው የሚጠጣው ከተፈጥሮው ነው ወይስ ታሞ ነው ብላችሁ ጠይቁ። አሮጌ የቤንዚን ሞተር በሊትር አራት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ብዙ ጊዜ ታሟል። ያረጀ ካንዴላና ሽቦ፣ የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የሚያንጠባጥብ ካርቡራተር ወይም የቆሸሸ ኢንጀክተር፣ የሞተ የኦክሲጅን ሴንሰር ሁሉም ነዳጅ ይጠጣሉ። ክፍቱን የቀረ ቴርሞስታት ሞተሩ እንዳይሞቅ ያደርጋል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ሁልጊዜ ነዳጅ ያበዛል። የሚይዝ ፍሬንና የጎደለ ጎማ ሞተሩን ሳይነኩ ነዳጅ ይበላሉ። የላይኛው ፖርትመጋላም ባዶውን ተሰቅሎ በከንቱ ንፋስ ይገፋል። እነዚህን አንድ በአንድ ማስተካከል ከቅየራው ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በሊትር አንድ ኪሎ ሜትር ብታተርፉ እንኳ ከ4.5 ወደ 5.5 መሄድ በመስከረሙ ዋጋ በኪሎ ሜትር ወደ 3 ብር ከ70 ሳንቲም ነው። ናፍጣው ከሚያመጣው ቁጠባ ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

ብዙ የምትነዱት፣ አስጎብኚዎች፣ በገጠር ፕሮጀክት የምትሠሩ፣ ዕቃና ሰው የምታመላልሱ፣ እናንተም ከቅየራው ጎን አንድ አማራጭ አስቀምጡ፦ ቤንዚኑን ሸጦ ከፋብሪካ ናፍጣ ሆኖ የወጣውን አቻ መግዛት። የዋጋ ልዩነቱ ከቅየራው ወጪ ጋር ከተቀራረበ ሸጦ መግዛቱ ይሻላል። ሊብሬው ንጹሕ ነው፣ ፍሬኑ የራሱ ነው፣ ሽቦውን የነካካው ሰው የለም። ልዩነቱ በጣም ከሰፋ፣ የእናንተ መኪና አካሉ ጤነኛ ከሆነና የቤንዚን ሞተሩ ካበቃለት፣ ያኔ ቅየራው የሚታሰብ ነው።

ከወሰናችሁ ከጋራዡ ጋር በወረቀት ተስማሙ። የትኛው ሞተር፣ ቁጥሩ ስንት፣ ምን ምን ዕቃ እንደሚጨምር፣ ኤሲውና የዙር መለኪያው እንደሚሠሩ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጻፍ። ክፍያው በደረጃ ይሁን፤ የመጨረሻው ክፍያ መኪናው ከነጭነቱ ረጅም ዳገት ወጥቶ የሙቀት መለኪያው ቦታውን ካልለቀቀ በኋላ ይከፈል። የወረደው የቤንዚን ሞተርም የእናንተ ንብረት መሆኑን አትርሱ። ከነካምቢዮው፣ ከነኮምፒዩተሩና ከነሽቦው አንድ ላይ አስቀምጡት። አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ እስኪሰፍር ድረስ አትሽጡት።